በሥራ ሰዓት ምስሉ ለምን ይደበዝዛል?

ለውድ ደንበኞቻችን

ረፋድ ላይ የቪዲዮ ስብሰባ አገልግሎታችን ሲጨናነቅ ምስሉ እንደሚደበዝዝ፣ አንዳንዴም ለአፍታ ቀጥ እንደሚል አስተውላችኋል። ድምፁ ግን ይቀጥላል። ሆን ብለን ያደረግነው ስለሆነ ምክንያቱን ልናስረዳችሁ ወደድን።

ድምፅ በኔትወርክ ላይ የሚጓዘው አብዛኛውን ጊዜ 20 ሚሊሰከንድ በሚሆኑ ቁርጥራጮች ነው፤ በሰከንድ 50 መሆናቸው ነው። አንዱ ቁራጭ ከአፍ ወጥቶ ጆሮ እስኪደርስ 150 ሚሊሰከንድ ካላለፈ ንግግሩ ያለ ችግር ይሄዳል፤ የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክረ ሐሳብም ይኸው ነው። ወደ 400 ሲጠጋ ተነጋጋሪዎቹ ቃል መሻማት ይጀምራሉ። ከሰዓቱ ያለፈ ቁራጭ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና ሰርቨራችን፣ ማለትም ስብሰባውን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ ይጥለዋል። ልድረስ እያለ ቢያስተናግደው ተከታዩም ይዘገያል፤ የዚያኛው መዘግየት ደግሞ ቀጣዩን እየጎተተ ሁሉንም ያበላሻል።

የመኪና ኤርባግ አንዴ እንኳ መዘግየት አይፈቀድለትም። በእኛ ሥራ ግን ጥቂት ቁራጭ ዘግይቶ ቢጎድል ጆሮ አያስተውለውም። የሚቀነስ ነገር ሲኖርም ከምስሉ እንጀምራለን። ሐኪም «ግማሽ ክኒን ብቻ» ሲል ታካሚው «ግማሽ» የሚለውን ካልሰማ፣ የሐኪሙን ፊት አጥርቶ ማየቱ ምን ይጠቅመዋል?

አዲስ ስብሰባ ስትከፍቱ «ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ይሞክሩ» የሚል መልእክት የሚመጣውም ሰርቨሩ ሙሉ በሙሉ ሳይያዝ ነው። ይህ ብዙዎችን ያስቆጣል፤ ቁጣችሁም ይገባናል። ነገር ግን ሥራ በዘፈቀደ ሲመጣ ወረፋ የሚያድገው ቀስ በቀስ አይደለም። በቀላሉ የወረፋ ስሌት፣ ከአቅሙ 80 በመቶ ሲያዝ አንድ ሥራ የሚፈጅበት ጊዜ በአማካይ ሰርቨሩ ባዶ ቢሆን ከሚፈጅበት 5 እጥፍ ይሆናል። በ90 በመቶ 10 እጥፍ፣ በ95 በመቶ 20 እጥፍ ይደርሳል። በመጨረሻዎቹ ጥቂት በመቶዎች ላይ አንድ ስብሰባ መጨመር የተጀመሩትን ሁሉ ይጎዳል። እኛም ተስማምተው ንግግር የጀመሩትን ሰዎች ማቋረጥ፣ ገና የመጣውን ደንበኛ ለጥቂት ጊዜ ከማስጠበቅ የከፋ በደል ነው ብለን እናምናለን።

ብዙ ሰው የሚገኝበት ስብሰባ ካላችሁ የተሳታፊዎቹን ብዛት ከአንድ ቀን በፊት አሳውቁን፤ ቦታ እንይዝላችኋለን። የማይናገሩ ተሳታፊዎች ካሜራቸውን ቢያጠፉ ደግሞ ለሁላችሁም ምስሉ ይጠራል።

ከአክብሮት ጋር
የቴክኒክ ክፍል