ለእማዬ፣ ከገና በፊት እንዲደርስሽ

እማዬ የኔ እናት እንዴት ሰነበትሽ፣ ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ፣ ደብረ ብርሃን ዘንድሮ ውርጩ ብሶበታል አሉኝ። ዛሬ ታህሳስ 19 ገብርኤል ነው፣ ከቤተክርስቲያን ተመልሼ ሻዬን አፍልቼ ቁጭ አልኩና በስልክ ነገሩ እንዳልሆነልን ሳስብ ልጻፍልሽ አልኩ። ስልክ ላይ አንቺም ታለቅሻለሽ እኔም አለቅሳለሁ፣ ከዛ ኔትወርኩ ይቆራረጥና ሄሎ ሄሎ ስንባባል ማለት የፈለግነው ሳይባል ይቀራል። ይሄን በቴሌግራም ለጎረቤታችን ልጅ ነው የምልከው፣ እሷ ታነብልሻለች። (አንቺ ሚጣ፣ እንደ ትምህርት ቤት ንባብ አትሩጪበት እሺ? ስታለቅስ ካየሽ ቆም በይና ውሃ ስጫት።)

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅሽ። ባለፈው ስንደዋወል "የማሙሽ ሰማንያ ቀን ታህሳስ 28 ይውላል፣ በማግስቱ ገና ነው፣ ዛሬ ተዝካር አውጥቼ ነገ እንዴት ብዬ ነው ቄጠማ የምጎዘጉዘው፣ ዘንድሮ እኔ ቤት ገና የለም" አልሽኝ። እኔ ደሞ ምን ብዬ መለስኩ፣ "ተይ እማዬ፣ እግዚአብሔር ያደረገው ለበጎ ነው"። ዝም አልሽ። ቀጥለሽ "በይ ካርድሽን አትጨርሺ" ብለሽ ዘጋሽው። ካርድ እንደማልሞላ እኮ ታውቂያለሽ፣ በዋይፋይ ነው የምደውለው። የዛን ቀን ሺፍት ላይ ሆኜ ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ ይህችን ቃል ሰው ሲለኝ ምን እንደተሰማኝ አውቀዋለሁ።

መርዶዬ እንዴት እንደተነገረኝ ነግሬሽ አላውቅም አይደል። ወንድሜ ማሙሽ ጥቅምት 9 አርፎ፣ ተቀብሮ፣ እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ስደውል "ተኝቷል፣ የኩላሊት እጥበቱ አድክሞት ነው" ትሉኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ፣ በቀዳዳዋ ሳይ የማውቃቸው ሰባት ሰዎች ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። በዚህ ሰዓት ሰባት አበሻ ለቡና አይመጣም። በሩን ሳልከፍት ነው መጮህ የጀመርኩት። እና ያን ሰሞን የመጣው ሰው ሁሉ አንድ አንድ ቃል ይወረውራል፣ አንዱ "ተገላገለ"፣ አንዱ "ለበጎ ነው"፣ አንዷ ደሞ "እግዚአብሔር የሚወደውን ቶሎ ነው የሚወስደው" አለችኝ፣ እንግዲያው አንቺን አይወድሽም ማለት ነው ልላት ምንም አልቀረኝም። የጠቀመችኝ አንዲት ሴት ናት፣ ስሟን እንኳን በደንብ አላውቀውም፣ ገብታ ጉንጬን ሳመችኝና ቀጥታ ኪችን ሄዳ ሰሃኑን አጠበች፣ ሻይ አፈላች፣ ከዛ አጠገቤ ቁጭ አለች፣ ምንም አላለችም። በማግስቱም መጣች። የኢዮብ ጓደኞችም መጀመሪያ ላይ እኮ እንደሷ ነበሩ፣ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠው አንድ ቃል ያልተናገሩት፣ ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ከከፈቱ ወዲህ ነው። እኔም ከዚህ ሆኜ አፌን ከፈትኩብሽ። ይቅር በይኝ።

አንቺ ደጋግመሽ የምትጠይቂውን አውቃለሁ፣ "ምን በድዬው ነው?" ትያለሽ። ሸንኮራ ዮሐንስ ድረስ በዛ መንገድ ይዘሽው ወርደሻል፣ ተስለሻል፣ ጾመሻል፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ እያመላለስሽ አሳጥበሽዋል፣ እኔም እዚህ ደብል እየሰራሁ የቻልኩትን ልኬያለሁ፣ አልሆነም። እማዬ እሱ ጥያቄ መልስ አለው ብዬ አልዋሽሽም። ግን ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰውዬ ያዩ ጊዜ ደቀመዛሙርቱ እንደዛው አይደል የጠየቁት፣ ማን ኃጢአት ሰርቶ ነው፣ እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ? ጌታ እሱም አይደለም ወላጆቹም አይደሉም ነው ያላቸው። ቢያንስ ያንን ከላይሽ ላይ አውርጂው። አንቺ አይደለሽም።

አሁን የገናውን ነገር ልንገርሽ። እዚህ የነጮቹ ገና ሐሙስ ዕለት ነበር፣ እኔ ሰራሁ፣ ለበዓል አንድ ተኩል ስለሚከፍሉ ሁሌ እሰራለሁ። ከጥቅምት ጀምሮ ሱቁ ሁሉ መብራት በመብራት ነው፣ ቅናሽ በየአይነቱ፣ አሁን አሁንማ አዲስ አበባም ጥጥ በረዶ የለበሰ ዛፍ ገብቷል አሉ፣ ይሁን ምን ይደረግ። እኛ ነርሲንግ ሆም መግቢያው ላይ ግርግም ሰርተው አስቀምጠዋል፣ እመቤታችን፣ ዮሴፍ፣ ላሟ፣ አህያው፣ ሁሉም በፕላስቲክ፣ ጌታ ደሞ ክንድ የምታክል አሻንጉሊት ሆኖ ጭድ ላይ ተኝቷል። ምሽት ላይ ሕፃኑ ጠፋ። ሱፐርቫይዘሯ ተናዳ ማነው የወሰደው ብላ ስታፈላልግ እኔ ክፍል ለክፍል ስዞር አንዲት የመርሳት በሽታ ያለባቸው አሮጊት አልጋቸው ላይ ሆነው በሹራባቸው ጠቅልለው አቅፈውታል፣ እግሩ ብቻ ነው የሚታየው። ጠጋ ስል "ሽ... በርዶታል" አሉኝ። የራሳቸውን ስም እንኳን የማያስታውሱ ሴትዮ ናቸው፣ የዛን ቀን ልጆቻቸውም አልመጡም። በኋላ የቆየችዋ ነርስ ስትነግረኝ በወጣትነታቸው አንድ ልጅ ሞቶባቸዋል ለካ። እስከ ጠዋት ይሁንላቸው ብዬ ለምኜ መብራቱን ቀነስኩና ወጣሁ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እንዴት እንዳለቀስኩ።

ከዛ ቀን ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ያ "በርዶታል" ያሉት ነው። አንቺ ማታ ማታ ትነግሪን የነበረው ትዝ አለኝ፣ ማደሪያ አጥተው በረት ሲገቡ፣ ላምና አህያ በትንፋሻቸው ሲያሞቁት፣ እኛ ደሞ በዛ በታህሳስ ብርድ አንድ ብርድ ልብስ ስር ተጠቅልለን ማሙሽ "የላም ትንፋሽ ይሸታል እኮ" ብሎ ሲያስቅሽ። የአምላክ ልጅ ሆኖ እንኳን የበረደው! ሐዘን ሲመጣብን እግዚአብሔር ሩቅ ሆኖ የሚያይ ይመስለናል፣ እሱ ግን ብርዱንም ስደቱንም የእናት እንባውንም ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ አብሮን ገባበት። ለምን እንደምንሰቃይ ቁጭ አድርጎ ቢያስረዳን እወድ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ አላስረዳንም። መጣ። የዛች ሰሃን ያጠበችልኝ ሴትዮ አይነት አመጣጥ።

ደሞ አስቢው እማዬ፣ ገና ራሱ እኮ ለቅሶ አለበት። ሄሮድስ የቤተልሔምን ሕፃናት ያስፈጃቸው በዚሁ ልደት ምክንያት ነው፣ ቤተክርስቲያናችንም አላለፈችውም፣ ገና በዋለ በአራተኛው ቀን ጥር 3 ታስባቸዋለች። ማቴዎስ እዛ ጋር ምን ብሎ እንደጻፈ ስንት ጊዜ ሰምቼው እንዳልሰማሁት ነው ያለፍኩት፣ ራሔል ስለ ልጆችዋ አለቀሰች፣ "መጽናናትም አልወደደችም፥ የሉምና" ይላል። አልወደደችም! መጽሐፉ አልተቆጣትም፣ እምነት አጣች አላላትም፣ ለበጎ ነው ያላትም የለም። ልደቱ በተጻፈበት ገጽ አጠገብ እንዳለቀሰች ተዋት። እንግዲህ አንቺም ለማክበር ብለሽ እንባሽን መጨረስ የለብሽም፣ ገናው ከነእንባሽ ይቀበልሻል። እመቤታችን ራሷ ልጇን ታቅፋ ቤተመቅደስ ስትገባ ነው ስምዖን በነፍስሽ ሰይፍ ያልፋል ያላት፣ በአርባ ቀኑ፣ ገና አራስ ሳለች። ማሙሽም ያረፈው በወርሃ ጽጌ ነው፣ ካህናቱ ሌሊት ሌሊት ስደቷን እየዘመሩ ባሉበት ወር። ይሄ ያጽናናሻል አልልም፣ እኔን ግን ብቻዋን አይደለችም አሰኝቶኛል።

ሰማንያው ከበዓሉ ጋር ተጋጨብኝ ያልሽውን ደሞ ካሌንደር አውጥቼ አየሁት። ታህሳስ 28 እኮ አማኑኤል ነው፣ ዓመታዊው! እግዚአብሔር ከኛ ጋር ማለት ነው አይደል ትርጉሙ፣ አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ። የሱ ሰማንያ ሌላ ቀን ላይ ከሚውል እዛ ላይ መዋሉን እኔ ወድጄዋለሁ፣ አንቺ እንዴት እንደምታዪው አላውቅም፣ የንስሐ አባትሽን ጠይቂያቸው። ለጸበል ጸዲቁ የሚሆን ብር ረቡዕ እልካለሁ፣ የጾም ስለሆነ ብዙ አያስቸግርሽም፣ ሽሮና ምስሩን የእድር ሴቶቹ ይሰሩልሻል፣ አንቺ ጉልበትሽን ይዘሽ እሳት አጠገብ እንዳትቆሚ። በማግስቱ ዶሮ ካልሆነልሽ አትስሪ፣ ማንም አይፈርድብሽም። ቄጠማውን ግን ትንሽ በሩ ጋ ጣል አርጊ፣ ቤቱ ጨለማ አይሁን። ገናው ዘንድሮ ረቡዕ ነው፣ ይበላል አይበላም ብለሽ እንዳትጨነቂ፣ ልደት ስለሆነ ይበላል፣ ቁራሽ ነገር ቅመሺ።

እኔ መምጣት አልችልም፣ ወረቀቴ ገና ነው። ማሙሽ በዚህ ሲያሾፍብኝ ትዝ ይልሻል፣ "እቴ ላንቺማ ዓመቱን ሙሉ ገና ነው" እያለ። ትንሽ ልጅ ነበር፣ በገና ጨዋታ ዱላውን ስቶ ቅልጥሜን የመታኝ ጊዜ እየሳቀ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ብሎኝ ሮጠ፣ ጠባሳው እስካሁን አለ፣ ሻወር ስወስድ አየዋለሁ። ድሮ ያስጠላኝ ነበር፣ አሁን እጄን አስቀምጥበታለሁ።

ሌላ አንድ ነገር። ሳጥን ውስጥ ቆልፈሽ ያስቀመጥሽውን የሱን ጋቢ ሚጣ ነግራኛለች፣ እያወጣሽ እያሸተትሽ ትመልሺዋለሽ አሉ። አውጪውና ልበሽው እማዬ፣ ሽታው ይጠፋል ብለሽ ነው አውቃለሁ፣ ግን የገና ሌሊት ሥላሴ ደጅ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ በነጠላ ብቻ ቆመሽ እንዳታድሪ። አንቺ ቅዳሴ ስትቆሚ በኛ ሰዓት ቀን 10 ሰዓት አካባቢ ነው፣ ወደ ስራ ባስ ላይ እሆናለሁ። ስልኩን ለሚጣ ስጫት፣ አንዴ ብቻ ቪዲዮ ትክፈትልኝና ጋቢውን ለብሰሽ ልይሽ።