ይድረስ ለሻምበል ባሻ

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከቦርጭ በቀር የጨመርኩት ነገር የለም። መጥፋቴን አውቃለሁ፣ ይቅርታ፣ ስድቡን ስትደውል ታወርድብኛለህ። አሁን የጻፍኩልህ ግን ለጉዳይ ነው። የሙያህ ጉዳይ።

ባለቤትህ ክርስትና ያነሳቻት ልጅ አብራሪ ሆናልሃለች። የሄሊኮፕተር! አሪዞና ውስጥ ፔጅ የምትባል ከተማ ተቀጥራ ቱሪስት ታስጎበኛለች። እኛ ካለንበት ቬጋስ በመኪና አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ያስለከፍካት አንተ ነህ፤ ደብረ ዘይት የአየር ኃይሉ አጥር ሥር ትከሻህ ላይ አስቀምጠህ ሄሊኮፕተር የምታሳያት ጊዜ ነው የጀመራት።

ሰሞኑን እኔንም አሳፈረችኝ። ከመግባትህ በፊት ትመዘናለህ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ኪሎ ነው። የኔን ሰው ፊት ጮክ ብላ አነበበችው! ከዚያ በኋላ ግን፣ ወንድሜ፣ ቀና ብዬ ያየሁትን እንዴት ልንገርህ። ቀይ ድንጋይ እስከ አድማስ። የኮሎራዶ ወንዝ ሆርስሹ ቤንድ ላይ ገደሉን ዞሮ ሲመለስ። ድንጋዩ፣ ልጅቷ እንዳስረዳችኝ፣ የዛሬ 190 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነፋስ የከመረው የበረሃ አሸዋ ነው። አሸዋው የተንሸራተተበት መስመር ዛሬም ይታያል። በመጨረሻ ታወር ቢዩት የሚሉት ላይ አሳረፈችን። አምባ ነው በቃ። አናቱ ሜዳ፣ ዙሪያው 300 ሜትር ገደል።

እዚያ ቆሜ ነው ሞተሩ አንድ ብቻ መሆኑን የነገረችኝ። አንድ! አንተ የለመድከው ሚ-8 እንኳን ሁለት አለው። ቢጠፋስ አልኳት። «አባባ፣ ቢጠፋም ስንወርድ ነፋሱ ራሱ ክንፉን ያሽከረክረዋል፣ ቀስ ብለን እናርፋለን» አለችኝ፤ ሳቅ እያለች። የት ነው የምናርፈው? ገደሉ ውስጥ?

ደግሞ ሙቀቱ አለ። ፔጅ ከፍታዋ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፣ ደብረ ዘይት 1,900 ትደርሳለች፣ ታዲያ ምን ያስፈራሃል ትለኝ ይሆናል። ሐምሌ ላይ ግን 38 ዲግሪ ይገባል። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፣ ክንፉ የሚቆነጥጠው ያጣል፣ የሞተሩም ጉልበት ይደክማል። ይህን ሁሉ የነገርከኝ አንተ ነህ፤ ምነው ባልነገርከኝ! አሁን ሙቀት በጨመረ ቁጥር ስልኬን እነካካለሁ።

ሌላም አለ... እንዴት ልበልህ። መሬቱ የናቫሆዎች ነው፤ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው። አምባው ላይ የሚታረፈው በነሱ ፈቃድ ነው፣ በዚህ ነገር የለም። ከላይ ስታይ ግን ሰው ይኖርበታል። ሆጋን የሚሉት ባህላዊ ቤታቸው በሩ ወደ ምሥራቅ ነው። ወንዙ ተገድቦ የተፈጠረው የሌክ ፓወል ሐይቅ ያን ሁሉ ውሃ ይዞ ተንጣሎ እያለ፣ በፒካፕ ውሃ የሚያመላልሱ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ፔጅ ራሷ እንደ ፈረንጆቹ በ1958 በመሬት ልዋጭ ከነሱ የተወሰደች ናት፤ ለግድቡ ሠራተኞች መኖሪያ ተብላ። አንድ ሰው ከበጎቹ መሃል ቆሞ ሽቅብ አየን። እጄን አወዛወዝኩለት። ዝም አለ። እኛ ስናድግ ጄቱ ቆርቆሯችንን ሲያንቀጠቅጥ ማን ጠይቆን ያውቃል? ለልጅቷ ስነግራት «በቤት ላይ ላለማለፍ እንጠነቀቃለን» አለች። እሺ አልኩ፣ ምን እላለሁ። እሷ እኮ ደስ ብሏታል። እኔም እውነቱን ልንገርህ፣ ኮራሁባት፤ እንባዬን በመነጽር ሸፈንኩት።

እንግዲህ የምለምንህ፣ ደውልላት። ስለ ጥገናው አንተው ጠይቃት፤ ማርሽ ሳጥኑ ዘይት ውስጥ የብረት ብናኝ ሲገኝ የሚበራውን መብራት፣ በስንት ሰዓት በረራ ምን እንደሚፈታ፣ ማን እንደሚፈርም። እኔ ብጠይቃት ትስቃለች፣ አንተን ትፈራሃለች። መልሷን እንዳትቀባባልኝ። አደገኛ ከሆነ አደገኛ ነው በለኝ።

ሰዓቱ እንዳያሳስትህ። ናቫሆዎች በሙቀቱ ወራት ሰዓታቸውን ወደ ፊት ይገፋሉ፣ ፔጅ ግን እንደ አሪዞና አትገፋም፤ ስልኬ መንገድ ላይ አንድ ሰዓት እየዘለለ አሳብዶኛል። አንተ በቃ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ደውል፣ እሷ ጋ ምሽት ነው። ቁጥሯን በቴሌግራም ልኬልሃለሁ።

እናቷ የሞተሩን ነገር አታውቅም። ለባለቤትህ ከነገርካት ደግሞ በማግስቱ ታውቃለች፤ ስለዚህ አደራ።

ያንተው