ቀስቱን የመለሰው ልጅ

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው እሑድ «አንዴ የዋሸ ሰው አበቃለት» የሚል ጽሑፍ አውጥታችኋል። 22 ዓመት አስተምሬያለሁ፤ በዚህ አልስማማም።

ግሪካዊው ሶፎክልስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ409 ዓመት ለመድረክ ያበቃው «ፊሎክቴቴስ» የሚባል ተውኔት አለ። ፊሎክቴቴስን እባብ እግሩን ነደፈው። ትሮይ የምትባል ከተማ ሊወጉ አብረውት የዘመቱት ጓዶቹ የቁስሉን ሽታና ጩኸቱን መቻል አቅቷቸው ሌምኖስ ደሴት ላይ ጥለውት ሄዱ። 10 ዓመት እዚያው ተሰቃየ። በኋላ ትሮይ ያለ እሱ ቀስት እንደማትወድቅ ተነገራቸው። ከጦር አለቆቹ አንዱ፣ ብልጣብልጡ ኦዲስየስም፣ የጀግናውን የአኪሊስን ልጅ ኒዮፕቶሌመስን ፊሎክቴቴስን አታሎ እንዲያመጣው ላከው። ልጁ መጀመሪያ አንገራገረ። ዝና ሲያማልለው ግን ዋሸ። በሽተኛው አምኖት፣ ሕመሙ ሲነሳበት ቀስቱን አደራ ሰጠው። ልጁ ሰውየው ሲንፈራፈር አጠገቡ ቆሞ አየ። አንጀቱ አልቻለም። ኦዲስየስ እጁን ሰይፉ ላይ አድርጎ እያስፈራራው ቀስቱን ለባለቤቱ መለሰ። ለእኔ ከተውኔቱ ሁሉ ይህች ቅጽበት ትበልጣለች።

አንድ ተማሪዬ ኮርጆ 95 አገኘ። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን አራት እጥፍ አጥፎ፣ በላብ አርሶ አመጣው። «ቲቸር፣ ይሄ የእኔ አይደለም» አለኝ። ዜሮ ሰጠሁት። እጁን ግን ጨበጥኩት።

የቀድሞ የሥነ ጽሑፍ መምህር፣ ከደሴ