ኮርኔል ሴናተርም ነበረ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

አሜሪካ ስላለው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መሥራች፣ ስለ ኤዝራ ኮርኔል ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን ሰውየውን የቴሌግራፍ ሀብታም ብቻ አድርጋችሁ አለፋችሁት። እርግጥ በ1844 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተንን ከባልቲሞር ባገናኘው የሞርስ መስመር ዝርጋታ ላይ ሠርቷል። ከቴሌግራፍ ኩባንያው ከዌስተርን ዩኒየን መሥራቾችም አንዱ ነው።

ዩኒቨርሲቲው ግን የተጠነሰሰው በኒው ዮርክ ግዛት ሴኔት ውስጥ ነው። እዚያ እንደሱ ሴናተር ከነበረው ከአንድሩ ዲክሰን ኋይት ጋር መጀመሪያ ተጋጭተው ነበር። ኮርኔል የፌዴራሉ መንግሥት ለኮሌጆች ማቋቋሚያ ለግዛቶች ከሰጠው መሬት የሚገኘው ገቢ ለሁለት ኮሌጆች ይከፈል አለ። ኋይት ደግሞ ከተከፋፈለ ምን ዋጋ አለው ብሎ ድርቅ አለ። በመጨረሻ ኮርኔል ኢታካ ያለውን እርሻውንና 500,000 ዶላር ሰጠ። ዩኒቨርሲቲውን ያቋቋመው ሕግ በ1865 እ.ኤ.አ. ጸደቀ፤ ኋይትም የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ፕሬዝዳንት ሆነ። በአናጺነት ለጀመረ ሰው ይህ፣ በእኔ ግምት፣ ከቴሌግራፉ ይበልጣል።

አንባቢያችሁ