ወርቁን ተውና ክሩን ጠይቅ፤ ደብዳቤ ለልጄ

ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ነህ? የሜሪላንድ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትህ የላክኸውን የታሪኮችህን መጽሐፍ ረቂቅ አሳትሞ እያነበበው ነው። ሦስተኛው ታሪክ ላይ ሲደርስ ብቻውን ከት ብሎ ሳቀ። ምን እንዳሳቀው ብጠይቀው «ራስሽ አንብቢውና ድረሺበት» አለኝ።

ስለ ህትመቱ የጻፍከውንም አየሁት። ጠንካራ ሽፋን፣ በወርቅ የተጻፈ ርዕስ፣ ውስጡ አንጸባራቂ ወረቀት፣ አንድ ሺህ ኮፒ። ዕድሜዋን ማተሚያ ቤት ጥረዛ ክፍል የጨረሰች እናት እያለችህ ይህን ከሌላ ሰው እንድትሰማ አልፈልግም። ከአራቱ ሦስቱ ገንዘብህን ይበላሉ እንጂ ለመጽሐፍህ አይጠቅሙም። አራተኛውን ቆይተን እናየዋለን።

ከጥረዛው ልጀምር። ስለ ሽፋኑ ያን ሁሉ ስትጽፍ ገጾቹ በምን እንደሚያያዙ አንድ ቃል አላነሳህም። ደራሲዎች ሁላችሁም እንዲህ ናችሁ። ማተሚያ ቤት ስትመጡ ሽፋኑን ታገላብጣላችሁ፣ ቀለሙ ደመቀ ደበዘዘ ትላላችሁ፣ ጥረዛውን ማንም አይጠይቅም። አንባቢ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ የሚያማርረው በጥረዛው ነው።

ለስላሳ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በአብዛኛው በሁለት መንገድ ይጠረዛል። አንደኛው በሙጫ ብቻ ነው። የታጠፈውና የተለቀመው ወረቀት ጎኑ፣ ማለትም ገጾቹ የሚያያዙበት በኩል፣ ይቆረጣል፣ ሙጫ እንዲይዝ ይሻከራል፣ ትኩስ ሙጫ ይቀባል፣ ሽፋኑ ይለጠፍበታል፣ ከዚያ ሦስቱ ጠርዞች ተቆርጠው ይስተካከላሉ። ፈጣንም ርካሽም ነው። ሁለተኛው በክር ነው። አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ገጽ ሆኖ የታጠፈው ወረቀት በመሀሉ ይሰፋል፣ እጥፎቹም እርስ በርስ ይያያዛሉ። ሙጫው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሙጫው ቢደርቅ እንኳ ክሩ ገጹን አይለቅም።

ተራው ትኩስ ሙጫ ሲያረጅ ይደርቃል፣ ብርድ ሲያገኘው ደግሞ ይሰነጠቃል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ከዋለ ይለሰልሳል። የአንተ አንባቢ ግማሹ እዚያ በረዶ ውስጥ ነው፤ መጽሐፉንም የመኪናው ዳሽቦርድ ላይ ጥሎት ይውላል። ፒዩአር የሚሉት የተሻለ ሙጫ አለ። አይሰነጠቅም፣ ገጽም አጥብቆ ይይዛል፤ ግን ሁሉም ማተሚያ ቤት ማሽኑ የለውም። ካላቸው እሰየው፣ ሙጫ ብቻም ቢሆን እስማማለሁ። ከሌላቸው ክር ይሁን።

ክር ደግሞ የትናንት ነገር አይደለም። ዓድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ገዳም ወንጌሎች ብራናቸው በካርቦን ሲመረመር ከ330 እስከ 650 ዓመተ ምሕረት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የወጣው። የብራና መጽሐፎቻችን እጥፍ በእጥፍ እየተሰፉ ከእንጨት ገበታ ጋር የሚያያዙት በክር ነው። እኔ ጥረዛ ክፍል ስገባ ያስተማረችኝ ሴትዮ «ሙጫ ያስውባል፣ ክር ያኖራል» ትል ነበር። በሥራ ላይ ሆኜ ያየሁትም ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። የተሰፋ ነው ብለው ያልተሰፋ የሚሰጡ አሉ። መጽሐፉን ከላይ ሆነህ ጎኑን ስታየው እጥፎቹ ተደርድረው ይታያሉ፣ የተሰፋ ይመስላል። ለካ እጥፉ ተበስቶ ሙጫ እንዲገባበት ብቻ ነው የተደረገው። ጥረዛው ራሱ መጥፎ አይደለም፣ ከተራው ይሻላል። ግን የክር ዋጋ ከፍለህ እሱን መቀበል የለብህም። ስለዚህ መጽሐፉን በአንድ እጥፍ መሀል ላይ ክፈተውና ክሩን በዓይንህ እየው። ክር ካልታየ አልተሰፋም፣ አለቀ። ናሙና ስትጠይቅም ትናንት የወጣውን አትቀበል። ዓመት ሁለት ዓመት የሞላውን ይስጡህ። እሱን እስኪተኛ ድረስ ክፈተውና አንዱን ቅጠል ይዘህ ሳብ አድርገው።

ፕሮፎርማው ላይ ደግሞ «ጥረዛን ጨምሮ» የሚል ጽሑፍ አይበቃህም። «በክር የተሰፋ» ተብሎ ይጻፍ። የወረቀቱ ግራም (የአንድ ካሬ ሜትሩ ክብደት)፣ የሽፋኑ ግራም፣ የላሚኔሽኑ (ሽፋኑ ላይ የሚለበጠው ስስ ፕላስቲክ) ዓይነት፣ የማስረከቢያው ቀን፣ ሁሉም ይጻፍ። ቅድመ ክፍያ ከተከፈለ በኋላ የሚነሳ ክርክር ማለቂያ የለውም።

አሁን ወረቀቱ። አንጸባራቂ ወረቀት ለፎቶ መጽሐፍ ነው። እንደ አንተው ላለ የታሪኮች መጽሐፍ ግን መብራት ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል፣ ሙጫም በደንብ አይይዘውም፣ ደግሞም ከባድ ነው። ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ። ኤ5 የሆነ 192 ገጽ መጽሐፍ በ80 ግራም ወረቀት ከነሽፋኑ 260 ግራም ገደማ ይመዝናል። 23 ኪሎ በሚፈቀድ ሻንጣ፣ የሻንጣው ክብደት ሲቀነስ፣ 75 ያህል ይገባል። በ115 ግራም አንጸባራቂ ወረቀት ግን ከ55 አይበልጥም። ጠንካራ ሽፋን ስትጨምርበት ደግሞ ወደ 43 ይወርዳል። የአክስትህ ልጅ በየበዓሉ ሲመላለስ ሻንጣው ውስጥ ልትጨምርበት ነው ያሰብከው አይደል? እንግዲህ ራስህ ፍረድ።

እኔን ብትሰማኝ ክሬም 80 ግራም እላለሁ። ነጭ ከሆነም 80 ይሁን። 60 ግራም የጀርባውን ጽሑፍ አሳልፎ ያሳያል፤ ፊደላችን ወፍራም ስለሆነ ይብስበታል። አንድ ጥያቄ ደግሞ ጠይቅ፦ የወረቀቱ ጭረት ወዴት ነው? ወረቀት እንደ እንጨት የሚሄድበት አቅጣጫ አለው። ጭረቱ ከመጽሐፉ ጎን ጋር አብሮ ከላይ ወደ ታች መሄድ አለበት። አግድም ከሆነ መጽሐፉ አልከፈት ብሎ ያስቸግራል፣ ክረምት ሲመጣ ጠርዙ ይሞገዳል። ይህን ስትጠይቃቸው ቀና ብለው ያዩሃል፣ ከዚያ በኋላ እንደ አላዋቂ አይቆጥሩህም።

የገጹን ብዛት አሁን 187 ብለኸኛል። በአሥራ ስድስት ስለሚታጠፍ 192 ላይ ያርፋል፣ አምስት ባዶ ገጽ ይተርፍሃል። ጥሩ ነው። ግን «አንድ ታሪክ ልጨምር» ብለህ 195 ካደረስከው ወደ 208 ትዘላለህ። ለሦስት ገጽ ብለህ የአንድ ሙሉ እጥፍ ወረቀት ትከፍላለህ። ስለዚህ ታሪኩን ጨምር ወይም ተው፣ ውሳኔው የአንተ ነው፤ መሀል ላይ ግን አትቁም።

ብዛቱን በተመለከተ። በኦፍሴት የሚታተም ከሆነ መጀመሪያ ፕሌት፣ ማለትም ገጾቹ የሚቀረጹበት የማተሚያ ሳህን፣ ይወጣል። በአንድ ወረቀት ላይ በሁለቱም ፊት ስምንት ስምንት ገጽ ከገባ፣ 192 ገጽ 12 ወረቀት ነው፣ ማለትም 24 ፕሌት። ለሽፋኑ አራት ቀለም፣ አራት ፕሌት። ሃምሳ ኮፒም አሳተምክ አንድ ሺህ፣ የ28ቱ ፕሌት ዋጋ ያው ነው። ኮፒው ሲበዛ የአንዱ ዋጋ የሚቀንሰው ለዚህ ነው፤ ደራሲውንም «እንግዲያው ሺህ ይሁን» የሚያሰኘው ይኸው ነው። በቀጥታ ከኮምፒውተር የሚያትመው ዲጂታል ግን ፕሌት የለውም፤ ለጥቂት ኮፒ ያዋጣል፣ ለብዙ ግን ይወደዳል። እኔ 500 በኦፍሴት እላለሁ። ፕሌቱን እንዲያስቀምጡልህ ጠይቅ፤ ካለቀ ይደገማል። ሺህ ካሳተምክ ያልተሸጠውን የት ልናደርገው ነው? ክፍልህን እህትህ ይዛዋለች፤ ሳሎኑ ደግሞ እንደምታውቀው ነው።

ፕሌት ከወጣ በኋላ አንድ ፊደል መቀየር ማለት የስምንት ገጽ ፕሌት መጣል ማለት ነው። እርማቱን በፕሩፉ፣ ማለትም ከህትመት በፊት በሚሰጡህ የማረሚያ ናሙና፣ ላይ ጨርስ። ፋይሉንም በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በሌላ አሮጌ ፎንት ከጻፍከው፣ የትኛውም ኮምፒውተር ወደሚያነበው ዩኒኮድ ቀይረው፤ ፎንቱ ፒዲኤፉ ውስጥ መግባቱንም አረጋግጥ። እንዲያ ካልሆነ የእነሱ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ሀ የነበረው የላቲን ምልክት ሆኖ ይወጣል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ሙሉ ምዕራፍ እንደዚያ ታትሞ፣ ተጠርዞ፣ ለምርቃቱ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው የታወቀው።

ሽፋኑን ስታስብ ማን እንደሚሸጠው አስብ። አዲስ አበባ ውስጥ መጽሐፍህ መደርደሪያ ላይ ከሚቆመው በላይ አዟሪ ክንድ ላይ ይውላል። ከሜክሲኮ እስከ አራት ኪሎ በፀሐይና በካፊያ ይዞራል። ላሚኔሽን የሌለው ሽፋን አንድ ወር አይቆይም። የማያብለጨልጨው ማቱ ያምራል፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ግን ጠቆር ያለ ሽፋን ላይ ጭረትና የጣት አሻራ ያሳያል። ጠቆር ካለ የሚያብለጨልጨውን ግሎሲ አድርገው፤ ማት ከፈለግክ ቀለሙን ፈካ አድርገው። ለወረቀቱ 250 ወይም 300 ግራም ካርድ ይበቃል።

አዟሪው መጻሕፍቱን ደራርቦ ሲይዝ ለሰው የሚታየው ጎኑ ነው። የአንተ መጽሐፍ ጎን አንድ ሳንቲሜትር ያህል ነው የሚሆነው፤ ርዕሱንና ስምህን ይችላል። ሽፋኑን የሚሠራልህ ልጅ ግን ስፋቱን በግምት እንዳይሠራው። ማተሚያ ቤቱ በሚታተምበት ወረቀት ባዶ ናሙና ጠርዞ ይስጠው፣ እሱ ላይ ይለካ። ሚሊሜትር ሲዛነፍ ርዕሱ ወደ ፊት ሽፋኑ ይንሸራተታል። ከአራቱም በኩል ለቆረጣ ሦስት ሦስት ሚሊሜትር ትርፍ ይተው። ቀለሙንም በስልክ ስክሪን ዓይቶ እንዳይፈርድ፤ ስክሪን ላይ የሚያበራው ሰማያዊ ወረቀት ላይ ሲታተም ድብዝዝ ይላል።

ወርቁንስ? ሠላሳ ኮፒ ብቻ ጠንካራ ሽፋን አስደርግ፣ እነሱ ላይ ወርቁን አድርግበት። ለአያትህ፣ ለነፍስ አባታችን፣ ላስተማሩህ መምህራን ትሰጣለህ። ውስጡ ያው ስለሆነ ከ500ው ላይ ሠላሳው ሳይሸፈን ይቀመጣል፣ ለየብቻ ይጠረዛል። የቀረው ለስላሳ ሽፋን ይሁን። ገዝቶ የሚያነብህ ሰው ዋጋውን ነው መጀመሪያ የሚያየው።

ዋጋ ካልኩ፣ የጀርባ ሽፋኑ ላይ ማሳተሙ የተለመደ ነው፤ አዟሪውም ገዢውም እሱን ነው የሚያየው። ችግሩ ወረቀቱም ቀለሙም ፕሌቱም በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ በገበያ ዋጋ ይሁን ከተባለ ወዲህ የዛሬ ፕሮፎርማ ለሚቀጥለው ወር ላይሠራ ይችላል። የሚጸናበትን ቀን እይ። ዋጋህንም ፕሮፎርማው ከጸደቀ፣ የአከፋፋዩም ድርሻ ከታወቀ በኋላ ብቻ ወስን። አይኤስቢኤኑን፣ የመጽሐፉን መለያ ቁጥር፣ ከወመዘክር (ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) እኔ ሄጄ አወጣልሃለሁ፤ ብዙ ጊዜ 978-99944 ብሎ ይጀምራል። ለባርኮዱ ከጀርባ ሽፋኑ ግርጌ ነጭ ቦታ ይተውልኝ።

እዚያ አሜሪካ በትዕዛዝ አንድ አንድ እያተሙ ስለሚልኩት ያልከው መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ሻንጣ አያስፈልገውም፣ ክምችትም የለውም። ለስላሳ ሽፋኑ ግን በሙጫ ነው የሚሠራው፣ ክር አትጠብቅ። አማርኛ መቀበላቸውንም አስቀድመህ አጣራ። እዚህ የታተመው ሲያልቅብህ እሱን ትሞክረዋለህ።

ፕሮፎርማ ከሦስት ቦታ ይሰብሰብ። ትልልቆቹ ጋ፣ ብርሃንና ሰላምን የመሰሉት ጋ፣ የጋዜጣና የመንግሥት ሥራ ስላለ ወረፋውን አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ከግሎቹ ሁለቱን አውቃቸዋለሁ፤ አንደኛው የክር መስፊያ ማሽን አለው። አሁን ከአንተ የምፈልገው የመጨረሻውን የገጽ ብዛት ነው። 192 ወይስ 208? እስከ ቅዳሜ ንገረኝ፤ ሰኞ ጠዋት እሄዳለሁ። አባትህም ሰላም ይልሃል። ስምንተኛው ታሪክ ላይ «አለ» የሚለው ቃል በዝቷል ብሎሃል፤ አስምሮበታል፣ ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ።

እናትህ