ዓሣ በፌስታል፦ የአኳሪየም ክበባችን ዓመት

ከመጥፎው ልጀምር፤ ዘንድሮ 19 ዓሣ ሞቶብናል። አንድ ባልደረባዬ «መጽሔት ላይ የተተከለ ችግኝ እንጂ የሞተ ነገር አይጻፍም» ብሎኝ ነበር። ችግኙን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ይጻፈው። ዓሣ በመስታወት ገንዳ (በአኳሪየም) የምናረባው የእኛ የትምህርት ቤት ክበብ ግን ዓመቱን ሙሉ የተጨቃጨቀው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ዓሣና ዕቃ ከዚሁ ከሐዋሳ እንግዛ ወይስ ከሌላ ቦታ እናስመጣ? ከ19ኙ የሚበዙት የሞቱት ጥያቄውን በችኮላ ስለመለስን ነው።

ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ዓሣ ከሱቅ መግዛት የሚገርመው ሰው አለ። «አሞራ ገደል (ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ) እያለላችሁ?» ያሉኝ ወላጆች ብዙ ናቸው። እሱ ላይ እመለሳለሁ።

ገንዳውን ያሠራነው መስከረም መጨረሻ ላይ፣ እዚሁ መስታወት ቤት ነው። ያለቀለት አኳሪየም ከአዲስ አበባ ማስመጣት ይቻል ነበር፤ ግን መስታወት በአውቶቡስ 275 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ማን ሊያቅፈው ነው? ርዝመቱ 80፣ ስፋቱና ከፍታው 40፣ 40 ሳንቲ ሜትር ነው። ልጆቹ ሲያሰሉት 128 ሊትር መጣ። ውሃው ብቻ 128 ኪሎ ማለት ነው፤ መስታወቱ ገና አልተቆጠረም። ልናስቀምጥበት ያሰብነውን የቤተ ሙከራ ጠረጴዛ አይተን ተሳሳቅንና ብየዳ ቤት ሄደን የብረት መቆሚያ አሠራን። መስታወቱን በሚያጣብቀው ሲሊኮን ላይ ግን ተጠንቅቀናል። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ሻጋታ መከላከያ የተጨመረበት ሲሊኮን ዓሣ ይገድላል። መድኃኒት የሌለበትን አፈላልገን አገኘን፤ ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል። ሽታው እስኪጠፋ ጠብቀን ውሃ ሞላን።

ከዚያ አሥር ተማሪ አስከትዬ፣ ብር ይዘን፣ ከተማ ውስጥ ወዳለች አንዲት ትንሽ ሱቅ ሄድን። ባለሱቁ ወጣት ልጅ ነው። ገንዳው መቼ ውሃ እንደገባበት ጠየቀን። «ትናንት» አልነው።

«ዛሬ አልሸጥላችሁም» አለ።

ብር አልቀበልም የሚል ነጋዴ አይቼ ስለማላውቅ መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። የዓሣው ቆሻሻ ውሃው ውስጥ አሞንያ ይሆናል፣ አሞንያ ደግሞ መርዝ ነው። አሞንያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ፤ እነሱ አዲስ ገንዳ ውስጥ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የናይትሮጅን ዑደትን ሰሌዳ ላይ ስንት ዓመት ስያለሁ። ሱቅ ውስጥ ቆሜ፣ ተማሪዎቼ ፊት፣ ከባለሱቅ ስሰማው ግን ጆሮዬ ጋለ። ልጁ ከራሱ ገንዳ አንድ የጠቆረ ስፖንጅ አወጣና ፌስታል ውስጥ ከቶ በነጻ ሰጠን። ልጆቹ አፍንጫቸውን ያዙ። ባክቴሪያው ያለው ግን እዚያ ጥቁር ነገር ላይ ነው፤ እርጥብ እያለ በባጃጅ አድርሰን ገንዳችን ውስጥ ከአየር ፓምፑ ጋር አገናኘነው። ይህን ስፖንጅ ከሩቅ ማዘዝ ያስቸግራል፤ መንገድ ላይ ባክቴሪያው አየር አጥቶ ሊሞት ይችላል።

አንድ ወር መጠበቅ ለልጆች ቀላል አይደለም። ለኔም አልነበረም። ኅዳር ላይ የክበባችን ገንዘብ ያዥ፣ የ8ኛ ክፍል ተማሪ፣ ቴሌግራም ላይ የአዲስ አበባ ሻጭ አገኘች። «ቲቸር፣ እዚህ 6 በምንገዛበት ብር 12 ጉፒ ይመጣል እኮ!» ጉፒ ትንሽ የአኳሪየም ዓሣ ነው። እጅ አስወጣን። የኔም እጅ ወጣ።

ዓሦቹ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በተነሳ አውቶቡስ ተላኩ። መናኸሪያ የተቀበልናቸው 10 ሰዓት ላይ ነው። 12ቱም በሕይወት ነበሩ፤ ልጆቹ አጨበጨቡ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን። ትምህርት ቤት ስንደርስ ፌስታሉን ፈታንና በየደቂቃው ከገንዳችን ትንሽ ትንሽ ውሃ እየጨመርን ከአንድ ሰዓት በላይ «አለማመድናቸው»። ሁላችንም እንዲህ መሆን አለበት ብለን ነው። በማግስቱ ጠዋት 9ኙን ተገልብጠው ተንሳፍፈው አገኘናቸው።

እኔ ያኔ ያልገባኝን የሱቁ ልጅ አስረዳን። ዓሣ በታሰረ ፌስታል ውስጥ ብዙ ሰዓት ሲቆይ የሚያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃውን አሲዳማ ያደርገዋል። በአሲዳማ ውሃ ውስጥ ደግሞ የተጠራቀመው አሞንያ አብዛኛው አሞኒየም ሆኖ ይቀመጣል፣ ያን ያህል አይጎዳም። ፌስታሉ ሲፈታ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲነሳ አሲድነቱ ይቀንሳል) ይነሳል፣ አሞኒየሙ ተመልሶ መርዝ ይሆናል። እኛ ደግሞ እላዩ ላይ በቤተ ሙከራ ወረቀት ስንለካው ፒኤቹ ወደ 8 የሚጠጋ የቧንቧ ውሃ እየጨመርን፣ በዚያ መርዝ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ አስቀመጥናቸው። መሆን የነበረበት፣ ፌስታሉን እንደታሰረ 20 ደቂቃ ያህል ገንዳው ላይ አንሳፍፎ ሙቀቱን ማመጣጠን፣ ከዚያ ፈትቶ ዓሦቹን ወዲያው በመረብ ማስገባትና የፌስታሉን ውሃ መድፋት ነበር። ሻጩንም ከጉዞ በፊት አንድ ቀን ጾመው እንደሆነ አልጠየቅነውም፤ የበላ ዓሣ ፌስታሉን ቶሎ ያበላሻል። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በአዲስ አበባው ሰውዬ ላይ አልጭንም።

«ታዲያ የሐዋሳ ይሻላል» ብላችሁ እንዳትደመድሙ። ታኅሣሥ ላይ እዚሁ ከተማ ሌላ ቦታ ሄደን በርካሽ ዓሣ ገዛን። ሻጩ ለጎልድፊሽ ጥቂት ሊትር የምትይዝ ሳህን ትበቃዋለች፣ ከሳህኑም አያልፍም ሲል ሰማሁት። ጎልድፊሽ የካርፕ ዘመድ ነው፣ ጤና ካገኘ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ሳህን ውስጥ ትንሽ ሆኖ የሚቀረው ስለሚጎዳ ነው። ይህን እየሰማሁ መግዛቴ የራሴ ጥፋት። በአምስተኛው ቀን ዓሦቹ ጨው የተነሰነሰባቸው መሰሉ፤ ነጭ ነጠብጣብ የሚባለው በሽታ ነው፣ ወደ ሌሎቹም ተዛመተ። 7 ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ከየትም የመጣ ዓሣ ሦስት ሳምንት ለብቻው በባልዲ ይቀመጣል። ባልዲው ላይ ልጆቹ «እስር ቤት» ብለው ጽፈውበታል።

ዕቃ ላይ ነገሩ ይለያል። የአንድ ተማሪ አክስት ከአሜሪካ ጥሩ ፊልተር ይዘውልን መጡ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ በቅን ልብ ነው ያደረጉት። ጎኑ ላይ 120 ቮልት ይላል። የእኛ ሶኬት 220 ነው። ያነበበ ሰው አልነበረም። ሰካነው፣ አንዴ ጮኸ፣ ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። አሁን በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ማስተማሪያ ሆኗል። ከዱባይ የመጣልን ሂተር ግን ዋጋውም ጥራቱም ጥሩ ነው፤ ቮልቱ ይስማማል፣ ሦስት እግር ላለው ሶኬቱ መቀየሪያ ብቻ ነው ያስፈለገው። ከሰፈር ሱቅ የገዛነው የአየር ፓምፕ ውድ ነበር፤ በሁለተኛው ወር ሲቆም ግን ባለሱቁ ልጅ ሳያንገራግር ቀየረልን። ከዱባይ የመጣው ቢበላሽ ለማን ነው የምወስደው?

መብራት ሲጠፋ ከየት እንደገዛህ ምንም ለውጥ የለውም። የካቲት ላይ አንድ ቅዳሜና እሁድ ጠፍቶ ዋለ፣ አደረም፤ 3 ዓሣ አጣን። ያን እሁድ የበር ጥበቃችን፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ውሃውን በኩባያ ከፍ አድርገው እየቀዱ መልሰው ሲያፈሱ ነው ያገኘናቸው። አየር እንዲገባበት። ማንም አልነገራቸውም፤ ፓምፑ አረፋ ሲያወጣ አይተው ገብቷቸዋል።

አሁን ወደ አሞራ ገደል። አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ከሐይቁ ዳር የቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ጫጩቶች በሃይላንድ ጠርሙስ ይዞ መጣ። ነጻ ነው፣ የሀገር ነው፣ ለሐዋሳ ውሃ የተፈጠረ ነው። ሳላየው ገንዳው ውስጥ ጨምሯቸዋል። ቆሮሶ ሲያድግ ግማሽ ሜትር ሊያልፍ ይችላል፣ እኛ ያለን 80 ሳንቲ ሜትር ገንዳ ነው። ለማደግም ጊዜ አልፈጁም፤ በሦስት ሳምንት የጉፒ ጫጩቶቻችንን ለቀም ለቀም አድርገው ጨረሷቸው። ልጁ ወደ ሐይቁ ልመልሳቸው አለ። እምቢ አልኩ። ከሱቅ ዓሣ ጋር የዋለ ዓሣ ወደ ሐይቅ አይመለስም፤ ምን በሽታ ይዞ እንደሚሄድ አይታወቅም፣ ያ ሐይቅ ደግሞ የስንት ዓሣ አጥማጅ እንጀራ ነው። ከጓሮ ባለው የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ናቸው አሁን። ውሃውን ለጎመኑ እናጠጣበታለን፣ ጎመኑ ደስ ብሎታል።

ስለ ጉፒ ጫጩቶች ካነሳሁ፣ ገንዘብ ያዧ «እንዳይበዙብን ሴት ብቻ እንግዛ» ብላ ነበር። ገዛን። ወለዱ። ሴቷ ጉፒ የወንዱን ዘር ወራት ታቆየዋለች፤ በየወሩ ገደማ ትወልዳለች፣ እንቁላል ሳይሆን የሚዋኝ ጫጩት። ልጅቷ ያን ቀን ገንዳውን እያየች «ተበላን» አለች።

ሰኔ ላይ ከ40 በላይ ደርሰው ስለተጨናነቁ 20ውን ይዘን ስፖንጁን ወደሰጠን ሱቅ ሄድን። ልጁ አንድ በአንድ በእጅ ባትሪ እያበራ አያቸው፣ ሦስቱን አልወድም ብሎ መለሰ፣ በቀሩት ፋንታ የክረምቱን ምግብ ሰጠን። ገንዘብ ያዧ ደረሰኝ ጠየቀችው። የቤተ ሙከራው ቁልፍ ለክረምት ጋሼ ጋ ነው፤ ኩባያዋም መስኮቱ ላይ ተሰቅላለች።