ያለ ጽሑፍ ማብራሪያ አሃዱ ስለተቀየረ የሙቀት ፋይል የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.
ባሕር ዳር

ለማቀዝቀዣ መቆጣጠሪያው አቅራቢ ድርጅት
ለቴክኒክ ክፍል

ጉዳዩ፦ የመሣሪያችሁ ከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት የሆነው ፕሮግራም) ለሚያወጣቸው አትሪቢዩቶች ሁሉ የጽሑፍ ማብራሪያ እንዲዘጋጅ ስለመጠየቅ

በባሕር ዳር፣ በጣና ዳርቻ የሚገኝ አንድ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር የዓሣ ማቆያ ክፍል መሣሪያዎችን የምከታተል ባለሙያ ነኝ። ማኅበሩ ከእናንተ የገዛው መቆጣጠሪያ በሊኑክስ ሥርዓተ ክወና የሚሠራ ትንሽ ኮምፒውተር ሲሆን፣ ከሦስት የሙቀት ዳሳሾች የሚያገኘውን ልኬት ከርነሉ ሲስኤፍኤስ በተባለው፣ የመሣሪያዎችን መረጃ በፋይል መልክ በሚያሳየው ክፍሉ በኩል አትሪቢዩት በምንላቸው ትንንሽ ፋይሎች ያወጣዋል። እኔ የጻፍሁት ፕሮግራም እነዚህን ፋይሎች በየደቂቃው እያነበበ፣ ሙቀቱ ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ለጥበቃ ሠራተኛውና ለእኔ በስልክ መልእክት ይልካል።

የካቲት 28 ቀን የላካችሁትን ማሻሻያ ጫንን። ከዚያ በፊት ቴምፕ1_ኢንፑት የተባለው ፋይል፣ የከርነሉ የሃርድዌር ክትትል ደንብ እንደሚያዝዘው፣ ሙቀቱን በዲግሪ አንድ ሺህኛ ይሰጥ ስለነበር ክፍሉ 2 ዲግሪ ሲሆን 2000 ይል ነበር። ከማሻሻያው በኋላ ግን በዚያው ስምና በዚያው ቦታ ያለው ፋይል በዲግሪ አንድ አሥረኛ መስጠት ጀመረ፤ 2000 የነበረው 20 ሆነ። ይህን የሚናገር አንድ መስመር እንኳ ከማሻሻያው ጋር አልመጣም። ፕሮግራሜ 20ን 0.02 ዲግሪ አድርጎ ስለተረዳው ሰሌዳው ላይ 0.0 ብቻ ይታይ ነበር፤ እኛም በረዶው በደንብ ይዟል ብለን አመንን። ቁጥሩ ለሁለት ሳምንት ሳይነቃነቅ መቆየቱ ሊያጠራጥረኝ ይገባ እንደነበር አልክድም።

መጋቢት 13 ቀን ቅዳሜ ማታ ኮምፕረሰሩ ቆመ። እሑድ ጧት በሩ ሲከፈት በእጅ ቴርሞሜትር የተለካው ሙቀት 11.4 ዲግሪ ነበር። ፋይሉ 114 ብሎ ጽፏል፤ ፕሮግራሙ 0.1 ብሎ አንብቦታል፤ ማስጠንቀቂያውም ሌሊቱን ሙሉ ዝም ብሎ አድሯል። ዐቢይ ጾም በመሆኑ ዓሣ በብዛት በሚፈለግበት በዚህ ወቅት 160 ኪሎ ያህል ቆሮሶና አምባዛ ተጣለ። ያ ዓሣ ሌሊት ሐይቁ ላይ መረብ ሲጥሉና ሲያነሡ ያደሩ ሰዎች ድካም ነው።

ኮምፕረሰሩ ስለቆመ እናንተን አልወቅስም፤ ማሽን ይበላሻል። የጠፋውን ዓሣ ካሳ በሚመለከትም ማኅበሩ ራሱ በሌላ ደብዳቤ ያቀርባል። የእኔ ቅሬታ በስልክ ስጠይቅ የተሰጠኝን መልስ ይመለከታል፤ ፋይሉ በትክክል እንደሚሠራና አሃዱንም የድራይቨሩን (ዳሳሾቹን ከከርነሉ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም) ኮድ ከፍቶ ማየት እንደሚቻል ተነገረኝ። ኮዱ ለእኛ አልተሰጠም። ቢሰጠን እንኳ መልሱ አያጠግብም። በሲስኤፍኤስ ደንብ አንድ ፋይል የሚይዘው አንድ ዋጋ ብቻ ነው፤ 114 የሚል ፋይል ዲግሪ ይሁን ቮልት፣ አሥረኛ ይሁን ሺህኛ በራሱ አይናገርም። ትርጉሙ ያለው በፋይሉ ስም፣ በተቀመጠበት ቦታና ስለ እርሱ በተጻፈው ሰነድ ላይ ነው። ሰነዱ ከሌለ ቁጥሩ ትክክል ነው ማለት ምን ማለት እንደሆነ አይገባኝም።

አሃድ ከቦታ ቦታ መለያየቱ በራሱ ጥፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። የዚያው መሣሪያችሁ ባትሪ በሃርድዌር ክትትል ሥር 12600 ሲል በኃይል አቅርቦት ክፍል ሥር 12600000 ይላል፤ የመጀመሪያው በሚሊቮልት፣ ሁለተኛው በማይክሮቮልት ስለሆነ ሁለቱም 12.6 ቮልት ናቸው። ይህ ያላሳሳተኝ የሁለቱም ክፍሎች ደንብ ከከርነሉ ጋር በሚመጣው ሰነድ ውስጥ በግልጽ ስለተጻፈ ነው። እናንተ ራሳችሁ የጨመራችኋቸው ፋይሎች ግን ይህ የላቸውም። ከሦስቱ ዳሳሾች የትኛው በሩ አጠገብ፣ የትኛው ከማቀዝቀዣው ፊት እንዳለ የሚናገር የሌብል ፋይል የለም፤ ለማወቅ በእጄ እያሞቅሁ ነው የለየኋቸው። ሞድ የተባለው ፋይል ደግሞ ከ0 እስከ 3 ያለውን ቁጥር ይቀበላል፤ 2 ቢጻፍበት ምን እንደሚሆን ስለማላውቅ ዓሣ ባለበት ክፍል ላይ ልሞክረው አልደፈርሁም።

ለዚህ የሚሆን ሥርዓት አዲስ መፍጠር አያስፈልጋችሁም። በከርነሉ የሰነድ ማውጫ ውስጥ ኤቢአይ (ከርነሉ ለሌሎች ፕሮግራሞች የሚያቀርበው መገናኛ) የሚባል ክፍል አለ፤ በውስጡም የጸኑ፣ በሙከራ ላይ ያሉ፣ ሊቀሩ የተቃረቡና የተወገዱ አትሪቢዩቶች በየፊናቸው ተለይተው ይመዘገባሉ። ለእያንዳንዱ ፋይል ሙሉ አድራሻው፣ የገባበት ቀንና የከርነል ስሪት፣ የሚጠየቀው ሰውና ፋይሉ ምን እንደሚሰጥ የሚያስረዳ መግለጫ ይጻፋል። የጸና ተብሎ የተመዘገበ ፋይል ቢያንስ ለ2 ዓመት እንደነበረ እንደሚቀጥል ቃል ይገባለታል፤ ሊቀር የታሰበውም ለምን እንደሚቀርና መቼ እንደሚወገድ አስቀድሞ ይነገራል። ለአንድ ፋይል ይህን መጻፍ ከአሥር መስመር አይበልጥም፤ ያንን አሥር መስመር ባገኝ ኖሮ የካቲት 28 ቀን ማታውኑ ፕሮግራሙን አስተካክል ነበር።

ስለዚህ ቴምፕ1_ኢንፑት ወደ ዲግሪ አንድ ሺህኛ እንዲመለስ፣ በአሥረኛ የሚሰጥ ፋይል የግድ ካስፈለጋችሁም በአዲስ ስም እንዲወጣ እጠይቃለሁ። ድራይቨራችሁ የሚያወጣቸው ፋይሎች ሁሉ፣ የሚነበቡትም የሚጻፍባቸውም፣ ከነአሃዳቸው፣ ከሚቀበሉት የዋጋ ወሰንና ከማንበብና ከመጻፍ ፈቃዳቸው ጋር ከላይ በጠቀስሁት መልክ ተጽፈው ይላኩልን፤ ወደፊትም የአንዳቸው ትርጉም የሚለወጥ ከሆነ ማሻሻያው ከመላኩ በፊት በጽሑፍ እንዲነገረን እሻለሁ። ከርነሉ ጂፒኤል ስሪት 2 በተባለው የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ፈቃድ የሚሰራጭ በመሆኑ፣ አሻሽላችሁ የሰጣችሁን ከርነል ምንጭ ኮድም የመጠየቅ መብት አለን፤ በዚህ ደብዳቤ ጠይቀናል።

እስከዚያው መሣሪያውን ወደ ቀድሞው ስሪት መልሼዋለሁ። ሰነዱ በረቂቅ ደረጃም ቢሆን ከደረሰኝ፣ እያንዳንዱን ፋይል በክፍሉ ውስጥ ከእጅ ቴርሞሜትርና ከቮልት መለኪያ ጋር እያመሳከርሁ ውጤቱን ልልክላችሁ ፈቃደኛ ነኝ።

ከሰላምታ ጋር
የማኅበሩ የመሣሪያ ክትትል ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ